ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ውቅያኖሱ ዳር ካለችው ትንሽ ከተማ ወደ ጆሃንስበርግ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው «እዚያ ኑሮ እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ነፋሻ ነው» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ግን መቀየር አልቻልኩም...

የሌሊቱ ሰዓት እላፊ ገና መነሳቱ ነው። ሮዘተንቪል ሰፈር በተከራየኋት ክፍል እንደ ልማዴ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እላለሁ። ኮሮና ከገባ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ስልኬ ጮኸ፤ አላነሳሁም። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ደግ አያወራም። መጽሐፍ ገለጥኩ፤ ያንኑ መስመር ደጋግሜ አነበብኩት።

ከዚያ የግቢው በር ተንኳኳ።

መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ፣ እህት አልማዝና ልጇ ሩት ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው፣ ዝም ብለው ቆመዋል።

የአገሬ ሰው ያውቀዋል። በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ በር ላይ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው የሚያመጣው አንድ ነገር ነው... መርዶ።

እኔ ደግሞ በዚህ ምድር የቀረኝ አንድ ልጅ ነው፤ አማኑኤል። አባቱ ሲሞት ያቺን ከተማ መቋቋም አቅቶኝ ስወጣ፣ ሱቃችንን ጠብቅ ብዬ ብቻውን ትቼው የመጣሁት ልጄ።

በሩን ከፍቼ «ልጄን! አማኑዬን!» ብዬ እዚያው ተዘረፈጥኩ።

እህት አልማዝ ይህን ስትሰማ «ወይኔ! አማኑኤል!» ብላ ደረቷን መታች። ሩት ቦርሳዋን ጥላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እነሱ ሲያለቅሱ ሳይ የጠረጠርኩት እርግጥ ሆነብኝ፤ ባሰብኝ። ጎረቤቴ ማ ዛኔሌ በቢጃማዋ ወጥታ «ሃይቦ! ማን ሞተ?» ትላለች።

በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱና፣

«እህት ወርቅነሽ፣ መቼ ሰማሽ?» አሉኝ።

«አሁን፣ ከእናንተ!»

«ከእኛ? እኛ ምን አልን?»

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

«ስልክ አታነሺማ! ጀፕስታውን ገበያ ለሱቅ ዕቃ ልንገዛ ስናልፍ እግረ መንገዳችንን ብለን ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«እኔ ምን አውቄ! አንቺ ነሽ የጀመርሽው!»

ሩት ግን ማናችንንም አላመነችም። መሬት ላይ እንደተቀመጠች ስልኳን አውጥታ ደወለች። የልጄ የእንቅልፍ ድምፅ በስፒከር ወጣ።

«ሩትዬ... ምን ሆነሽ ነው በጠዋቱ?»

ሩትዬ! ሁላችንም ዞረን አየናት። «በኋላ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

«እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ ይኸው ነው» አለች እህት አልማዝ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። በኮሮና መንገድ ከተዘጋ ጀምሮ ልጆቹ በስልክ ሲያወሩ ከርመዋል። የእኔው ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ለእኔ ትንፍሽ አላለም።

«ሽማግሌው ሳይመጣ ከአንቺ ልስማ ብዬ ነው። ያለችኝ እሷ ናት። እዚያ ኑሮ እንዴት ነው? እናት ለእናት ንገሪኝ።»

«ነፋሻ...» አልኩና ቆምኩ። እውነቱን ብናገር ልጄን ሚስት መከልከሌ ነው። ብዋሽ ደግሞ እኔ የሸሸሁትን ኑሮ የሰው ልጅ ላሸክም ነው።

ተናገርኩ።

ከተማዋ አንድ መንገድ ናት። ሁሉም ያውቅሻል፤ ከአጥሩ ወዲያ ግን የሚያስገባሽ የለም። ጨው የበሩን ቁልፍ ይበላዋል፤ ትቀይሪዋለሽ፣ ደግሞ ይበላዋል። የበዓል እንግዳ ሲመጣ ግርግር ነው፤ ሲሄድ የራስሽን ኮቴ ትሰሚያለሽ። ዘንድሮማ ባሕሩ ዳር መቆም ተከልክሎ እንግዳም የለም። ዓሣ አጥማጆቹ ደጎች ናቸው፤ ባሌ የሞተ ዕለት በሬ ላይ ዓሣ አስቀምጠው ሄዱ። በቋንቋዬ አብሮኝ የሚያለቅስ ግን ከልጄ በቀር አልነበረም። ማዕበሉ ደግሞ ዝም አይልም...

«ሰማሽ?» አለቻት እህት አልማዝ ልጇን።

«ማሚ፣ ይሄን ሁሉ እሱ ራሱ ነግሮኛል። እኔም እዚያ አልኖርም ብዬዋለሁ። እኛ ጋ ና፣ አይቮሪ ፓርክ ባለው ሱቃችን ውስጥ ሰው ያስፈልገናል ስለው ግን ኖ ይለኛል።»

«ለምን?» አልኳት።

ሩት መሬት መሬቱን አየች። «አንቲ፣ ሶሪ... ‹እናቴ ጠብቅ ብላኝ ነው የሄደችው፤ ና ሳትለኝ እንዴት እመጣለሁ?› ይላል።»

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እኔ እኮ ሱቁን ወዶ የቀረ ይመስለኝ ነበር። እንዲመስለኝ ፈልጌም ይሆናል...

ይህን ለእናንተ ከመለጠፌ በፊት የምልከው ለአማኑኤል ነው፤ በአፌ ልነግረው ስሞክር ድምፄ እየከዳኝ ተቸግሬአለሁ።

ልጄ፣ ሱቁን ዝጋና ና። ሽማግሌውን ከእኔ ቤት ትልካለህ።