ብፌዬ ደጅ የወጣበት ቅዳሜ

ወልቂጤን ሌላ ሰው ሲያማብኝ አልወድም። እኔ ራሴ ግን ጠዋት ማታ አማታለሁ። ውሃዋን፣ መብራቷን፣ አቧራዋን፣ ተጀምሮ የቆመ ፎቋን እየጠራሁ ሳማርር ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። ከጎጃም ለማስተማር ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ሻንጣዬን ሳልፈታ ስንት ወር እንደከረምኩ ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ ግን አንድ እንግዳ መጥቶ «እንዴት ነው እዚህ የምትኖሩት?» ካለ ደሜ ይፈላል። እኔ ባማት ያምርብኛል፤ እሱ ምን አግብቶት?

እንግዲህ እንዲህ የሚለውን ሰው ነው በገዛ እጄ ቤቴ ድረስ የጋበዝኩት። የጓደኛዬ ባል ነው። ጓደኛዬ ስል ደግሞ እንዲሁ የማውቃት ሰው አይደለችም፤ ከማሠልጠኛ ኮሌጅ ጀምሮ አንድ ክፍል አድረን፣ አንድ ሹራብ እየተዋስን ለብሰን፣ አብረን አልቅሰን አብረን የሳቅን ነን። እሷም መምህርት ናት፤ አዲስ አበባ ነው የምታስተምረው። የቤት ኪራዩ ሲያንገሸግሻት ወልቂጤ ወዳለ ትምህርት ቤት ዝውውር ጠይቃ ተፈቀደላት። እሄዳለሁ ወይም እቀራለሁ ብላ ሰኞ ማሳወቅ ነበረባት።

እሷ እሺ ባይ ናት። እንቢ ያለው ባሏ ነው። አናጢ ነው፤ የሚሠራበት ቤት ለመንገድ ልማት ፈርሶ፣ መጋዙንና መላጊያውን በጆንያ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከቶ እቤት ከተቀመጠ ቆይቷል። ሥራ የሌለው ሰው ቀን በቀን እንዴት እንደሚከፋው ጓደኛዬ በስልክ ትነግረኝ ነበር። ቢሆንም ወልቂጤ ሲሉት ፊቱን ያዞራል። ለእሱ ወልቂጤ ማለት ጅማ ሲሄድ አውቶቡሱ ለሽንት የቆመበት ቦታ ነው። እዚያ ማን ብፌ ያሠራል፣ ማን ቁም ሳጥን ያዛል ይላል።

እውነቱን ልናገር፣ የእሱ ጉዳይ አልነበረም ያስጨነቀኝ። ለራሴ ነበር። እዚህ ጎረቤት ሞልቶኛል፣ አክባሪም አላጣሁም፤ ግን ከመጀመሪያው ሳልጀምር የልቤን የማወራት አንድ ሰው አልነበረችኝም። እሷ ከመጣች ከተማው ለእኔ ሌላ ከተማ ነው። ስለዚህ ስልኩን አንስቼ፣ ቅዳሜና እሑድ ኑ፣ ከተማዋን ላሳይህ፣ ከዚያ እንቢ በል አልኩት።

ዓርብ አመሻሹ ላይ ገቡ። ሳሎኔ ውስጥ መጀመሪያ ያየው ብፌዬን ነው። ቤት ስከራይ የራሱ እጅ ሥራ የሆነውን የዋንዛ ብፌ በጭነት መኪና ጭኖ የላከልኝ እሱ ነበር። ቤቴ ውስጥ ሰው የሚያደንቀው ዕቃ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱቅ የተገዛ፣ ከመጋዝ ዱቄት የተጨመቀ ችፑድ ነው። አናጢው እጁን ጠርዙ ላይ አሳረፈ፣ አንድ ጊዜ ዳበሰው፣ ሄዶ ተቀመጠ።

ጠዋት ላይ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ፣ ፈረቃውም ቀኑን እንደማያከብር ነግሬያቸው ከጀሪካን እየቀዳን ተጣጠብን። ስንወጣ ቤቴን ቆለፍኩና ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ከመስቃን በኩል የመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቅቤ የነገዱ፣ ዛሬ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ደጃቸው ላይ የሚውሉ ሙስሊም እናት ናቸው። በራቸው ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ የሰፈሩ ቁልፍ ሁሉ ተንጠልጥሏል። ውሃ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ፣ በመጣ ሰዓት እቤት የተገኘ ሰው የሌለውን ሰው ቤት ከፍቶ በርሜሉን ይሞላለታል። ይህን ስነግረው አናጢው ሚስቱን ገላመጣት። አዲስ አበባ በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ ያለው ሰው ነው፤ ምን ዓይነት አገር ልታመጪኝ ነው ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

ጉብኝቱን ሌሊቱን ሙሉ ነበር ያሰብኩት። የተሻለውን የተሻለውን መንገድ ብቻ ይዤ፣ የፈረሰውንና የቆመውን ዙሬ ላልፍ። ምን ያደርጋል፣ ዋናው መንገድ ለቱቦ ተቆፍሮ ባጃጁ እኔ የምፈራው ሰፈር ውስጥ ይዞን ገባ። ግራና ቀኝ ብረቱ ሰማይ የሚወጋ ያላለቀ ፎቅ፣ የተዘጋ ሱቅ፣ «ይከራያል» የሚል ወረቀት። አናጢው ደግሞ ሰዳቢ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ በትሕትና ነው የሚጠይቀው።

«ይሄ ፎቅ ለምን ቆመ?»

«ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ለመስቀል ሲመጣ ይቀጥለዋል» አልኩት።

«ያኛውስ?»

«የሱ ባለቤት ደግሞ ለአረፋ ነው የሚመጣው።»

«የየትኛው ዓመት አረፋ?»

ጓደኛዬ ወደ ውጭ እንደምታይ ሆና ሳቋን ዋጠች። ከሃዲ! እኔም ወደ ውጭ አየሁ፤ የሚታየውን እንዳይታይ ማድረግ አልችል።

ገበያው ላይ ትንሽ አገገምኩ። ቅዳሜ ነውና ሰው ይተራመሳል፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቅቤ፣ ከጉንችሬ በኩል ተጭኖ የመጣ ቡላ። ጓደኛዬ ገና ሳትገዛ ከሻጯ ጋር ተዋደደች፤ ቀምሺ ስትባል ቀመሰች፣ ሳቁ፣ ስልክ ተለዋወጡ። እሱ ግን ወደ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ጠጋ ብሎ ቁም ሳጥኑን በጣቱ ኳኳ አደረገና «ችፑድ» አለ። ቀጥሎ ያለውንም ኳኳ አደረገ። «ችፑድ።» ሰው ሁሉ ከአዲስ አበባ የመጣ የተሠራ ዕቃ ነው የሚገዛው፣ እዚህ ለእኔ እንጀራ የለም ብሎ ፈረደ።

የቀረኝ መሣሪያ ክትፎ ነበር። ክትፎ ቤት ገባን፤ ገና ስንቀመጥ መብራት ጠፋ። ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ ክትፎ መብራት አይፈልግም፣ ምጣዱ ሞቅ ካለ በቃ። በላ። ሁለተኛ ሲያዝ ልቤ ደነሰ። ጣቱን ጠራርጎ ሲያበቃ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «ክትፎ አዲስ አበባም አለ» አለ። ያን ጊዜ በእውነት ተናደድኩ። ተስፋዬም አብሮ ተቆረጠ፤ ሰኞ ጓደኛዬ «አልሄድም» ብላ እንደምትፈርም፣ እኔም እንደገና ብቻዬን ቤቴ ገብቼ በሬን እንደምዘጋ ታየኝ። ሒሳብ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት ስልኬ ጠራ።

እትዬ ናቸው። ውሃ መጥቷል፤ ቤቴም ወንዝ ሆኗል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር የደረቀ ቧንቧ ከፍቶ መሄድ የሚያህል ጥፋት የለም። ባጃጅ ውስጥ ሆነን ማን እንደከፈተው ስጠይቅ አናጢው አንገቱን ደፋ። ጠዋት ለመታጠብ ቢከፍተው ጭጭ አለበት፤ እሱም ዘንግቶት ወጣ። ቧንቧው ወጥ ቤት ነው፤ ጎረቤት መጥቶ ቤቴን እስኪከፍት ከሥሩ ያለው በርሜል ሞልቶ ፈሶ፣ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መኝታ ቤት። አናጢው ባጃጁ እስኪቆም ድረስ ይቅርታ ይላል፤ ምናለበት ከተማዬንም አብሮ ይቅርታ ቢጠይቃት።

ስንደርስ ቤቴ ባዶ ነው። ዕቃዬ በሙሉ ደጅ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የሰፈር ሰው አውጥቶ፣ ውሃውን በመጥረጊያ ገፍቶ፣ ምንጣፌን አጥር ላይ አስጥቶ ጨርሷል። እትዬ በርጩማቸውን ከዕቃዬ መሃል አድርገው እንደ ዘበኛ ተቀምጠዋል። የተቆጡት ስለ ዕቃዬ አይደለም፤ ስለፈሰሰው ውሃ ነው። ደግነቱ ከመዘጋቱ በፊት የሁላችንንም በርሜል አስሞልተዋል።

አናጢው እየዞረ ዕቃውን ማየት ጀመረ። ቁም ሳጥኔ እግሩ እንደራሰ ዳቦ አብጧል። የቴሌቪዥን ጠረጴዛዬ ሲነካ ተፈረፈረ። ብፌዬ ግን እንዳለ ነው። ተንበረከከ፣ መሳቢያውን ሳበ፣ እየተንሸራተተ ወጣ፣ እየተንሸራተተ ገባ። ሸሚዙን ሰብስቦ እርጥበቱን መጥረግ ጀመረ።

በዚህ መሃል አንድ ሸምገል ያሉ ነጋዴ ሲያልፉ ቆሙ። ለእትዬ «አሰላሙ አለይኩም» አሉ፤ እትዬም መለሱ። ሰውየው ብፌውን አዩ፣ ቁም ሳጥኑን አዩ፣ ተመልሰው ብፌውን አዩ። በእኛ ከተማ መንገድ ዳር የወጣ ዕቃ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ስንት ነው አሉ።

አሁን ሌላ ሰው ቢሆን «አይሸጥም፣ ቤት ውሃ ገብቶ ነው» ይላል። እትዬ ግን ዕድሜ ልካቸውን ዋጋ ሲጠየቁ ዋጋ የተናገሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ሳያሹ ጠሩላቸው። ሰውየው ቀነሱ፣ እትዬ ተቆጡ፣ ሰውየው ጨመሩ፣ እትዬ ወደ ቁም ሳጥኔ በከዘራቸው እያሳዩ፣ ሁለቱ አንድ ውሃ ውስጥ ነው የዋሉት፣ ልዩነቱን በዓይንህ እይ አሉ። ሰዉ ተሰበሰበ። ሰውየው ልጃቸውን ሊድሩ ነው ለካ፤ ለአዲሱ ቤቷ ዕቃ ሲፈልጉ ያገኙት ሁሉ ችፑድ ሆኖባቸው ነው የተበሳጩት።

«ማን ነው የሠራው?» አሉ።

እትዬ አያውቁምና እኔን አዩኝ። አናጢው ከተንበረከከበት ሳይነሳ፣ «እኔ ነኝ» አለ።

እንዲያ ሲል ፊቱን ባያችሁት። የሚሠራበት ቤት ከፈረሰ ወዲህ ያላየሁት ፊት ነው። ከተሰበሰበው ሰው አንዷ የልጅ አልጋ ትሠራለህ ወይ አለችው፤ ሌላው በር ይጠይቀዋል። እሱም ለሁሉም ይመልሳል፤ ዋንዛው እንዴት መድረቅ እንዳለበት፣ ሚስማር ለምን እንደማይወድ፣ እጁን እያወናጨፈ። ጓደኛዬ ከጎኔ ቆማ ክንዴን ጨመቀችው። ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ነጋዴው ግን ሌላ እስኪሠራ አልጠብቅም፣ ሠርጉ ደርሷል፣ ይሄንኑ ነው የምፈልገው አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ብፌዬን እወደው ነበር። የእናቴን ሲኒዎች የማስቀምጥበት፣ ቤቴን ቤት ያስመሰለው ዕቃ ነው። እንቢ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። አናጢው ቀና ብሎ አየኝ፤ አልለመነኝም።

«ይውሰዱት» አልኩ።

«ሌላ እሠራልሻለሁ» አለኝ ወዲያው። «ከዚህ የበለጠ አድርጌ።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞሮ፣ እዚህ አገር ጥሩ ዋንዛ የሚሸጠው የት ነው ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ተነሥተው በከዘራቸው አቅጣጫውን ያሳዩት ጀመር። ሰኞን መጠበቅ አላስፈለገንም።

ዛሬ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር የእነሱ ነው። ቁልፋቸው በእትዬ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አንድ ብቻ። አናጢው ካላለቁት ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት ተከራይቶ ይሠራል፤ ባለቤቱ ለአረፋ መጥቶ ነው ያከራየው። ባለፈው ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ የአክስቱ ልጅ ከተማው አቧራ ነው ቢለው፣ ሲቆጣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጓደኛዬና እኔ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በየቀኑ እንጣላለን፣ በየቀኑ እንታረቃለን።

የእናቴ ሲኒዎች ግን እስካሁን ካርቶን ውስጥ ናቸው። የሠርግ ዕቃ፣ የሱቅ መደርደሪያ፣ የመስጊድ በር ሲል የእኔ ብፌ ወረፋ አልደረሰውም። ባገኘኝ ቁጥር ያፍራል፤ በሚቀጥለው ወር፣ አላህን፣ በሚቀጥለው ወር ይለኛል፤ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ አነጋገሩን ሁሉ ከእትዬ ወስዷል። እኔ ደግሞ ግድ የለህም፣ ቀስ ብለህ ሥራ እለዋለሁ። ጨዋነት ይመስለዋል። እሱ የገባውን ቃል ሳይፈጽም ከተማ የሚለቅ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ብፌው እንዳያልቅ እጸልያለሁ።