ከንፋስ መውጫ እስከ ወንድሜ ክፍል

ንጋት፣ ንፋስ መውጫ

ሳይነጋ ተነሣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ወደ ስማዳ የሚወስዱኝ አያ ሞላ ናቸው፤ ገበሬ ማኅበሩ ከነበቅሏቸው ልኳቸው ነው። ወንድሜ ታደሰ እነሱ ዘንድ መሠረተ ትምህርት ሲያስተምር ወባ ገደለው። አስከሬኑን ደብረ ታቦር አምጥተን ቀበርን። አሥራ ሁለተኛን አምና ጨርሻለሁ፤ በሱ ቦታ ልሂድ ብዬ ጠየቅሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ ክፍሉ ተዘግቷል። አሁንም የሚማር ሰው ካልመጣ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ይታጠፋል ተብሏል።

ረፋድ፣ ቁልቁለቱ ላይ

ድንጋይ፣ አቧራ፣ የታጨደ ገብስ። ቁልቁለቱ ለበቅሎ ስለማይመች በእግራችን ነን። በሶ በጥብጠን ጠጣን።

«ታደሰ ያን ሁሉ ሰው እንዴት ይዞት ነበር?» አልኋቸው።

አያ ሞላ ሳቁ። «ጥንድ ጥንድ አርጎ ያስቀምጠናል። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል። እኔን ከሚስቴ ጋር! እቤት ገብታም አልተወችኝ፤ ራት ሳታቀርብ ‹እስቲ ይችን አንብብ› ትለኛለች።»

«እኔ እንደሱ አልችልም።»

«አይዞህ፣ ሰዉ ይመጣል።»

ከሰዓት፣ አዳራሹ

የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሞልቶ ሰው ደጅ ተርፏል። ጣቢያው ተረፈ አልኩ በሆዴ። አያ ሞላ በቅሏቸውን ሊያስሩ ሄዱ። እኔ ፈራሁ መሰለኝ፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ ጠመኔ አንስቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

«ሀ በሉ!»

ዝም። ጮኽኩ። ዝም። ዞር ስል ሁሉም አቀርቅሯል። ከፊት የተቀመጡትን አሮጊት፣ «እማማ፣ ሊተኙ ነው የመጡት? ወንድሜ የሞተው ለናንተ ነው፤ እናንተ አፋችሁን አትከፍቱም!» አልኳቸው።

አያ ሞላ ሮጠው ገብተው እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ! ሰዉ ሊማር አይደለም የመጣው። ለቅሶ ሊደርስህ ነው። ቀብሩ ላይ አልነበርንማ!»

ያኔ አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እርሳስ የያዘ አንድም ሰው የለም። ደንቡን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ብዛታቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየሁም።

ጠመኔውን ጥዬ መሬት ተቀመጥኩ። አሮጊቷ አጠገቤ መጥተው፣ «እግዜር ያጥናህ» አሉኝ። ለቅሶው ተነሣ። ታደሰን በየራሳቸው መጠሪያ እየጠሩ አለቀሱት፤ ልጄም፣ ወንድሜም፣ የኔታም አሉት።

ለቅሶው ሲበርድ፣ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ነገ እንመጣለን» አሉኝ አሮጊቷ።

«ለመማር?»

«ታዲያ ልንተኛ ነው?»

ሰዉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።