በቤንዚን የቀጠነ ዘይት

የወሰዱኝ ከመኪና ሥር ጎትተው ነው። ጋራዤ ሀና ማርያም ነው፤ ከአንድ ሚኒባስ ሥር ተንጋልዬ የሞተር ዘይት ሳወርድ አጠገቤ የቆሙ እግሮች አየሁ። ጫማዎቹ የደንበኛ አልነበሩም።

"ውጣ!"

"ብሎኗን ላጥብቅና..." አልኩ። እግሬን ይዘው ጎተቱኝ፤ ዘይቱ እየፈሰሰ ቀረ። ጥፋቴ በስልኬ ያጋራሁት አንድ ጽሑፍ ነበር። ማን እንደጻፈው እንኳ አላውቅም፤ ሳነበው ደሜ ፈላና አጋራሁት። ቁጣዬ ከጭንቅላቴ ይቀድማል፤ እናቴ ይህን ስትነግረኝ ነው ያረጀችው።

ያስገቡኝ መካኒሳ አካባቢ ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። አዋጅ የታወጀበት ሰሞን ስለነበር ጣቢያዎቹ ሞልተው ሰው በየመጋዘኑ ይታጎር ነበር። ክፍላችን መስኮት የለውም። በአንድ በኩል ቆርቆሮው ተገንጥሎ ስለነበር በዚያ ክፍተት ግቢውን እናያለን። ወለሉ ላይ የቀረው የስንዴ ብናኝ ሠላሳችንንም ቀኑን ሙሉ ያስነጥሰን ነበር።

ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸው ነበር። ሰፈሬ ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ በዓይን እንተዋወቃለን። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው፣ "ሱቅህ ውስጥ ሰው እየተሰበሰበ ያወራል አሉኝ" አሉ። "ሰው የማይሰበሰብበት ሱቅማ ምኑን ሱቅ ሆነ?"

ሐጂ ስኳር አለባቸው። በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ካልወሰዱ አይሆንላቸውም። ልጃቸው መድኃኒቱን በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ይዛ በየጠዋቱ በር ላይ ትቆማለች፤ በየጠዋቱም "ከውጭ መድኃኒት አይገባም" ብለው ይመልሷታል። እኔ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የሰጠናቸው ውሃ ሁሉ አልበቃ አላቸው። ትንፋሻቸው የበሰበሰ ሙዝ መሽተት ጀመረ። እኔ በአፍንጫዬ የማድር ሰው ነኝ፤ የተቃጠለ ፍሬንና የተቃጠለ ሽቦ ከሩቅ እለያለሁ። ያ ሽታ ደህና ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። በቅርቡ የገዛት ነጭ አሮጌ የቤት መኪና ነበረችው፤ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ ስትደርስ ትጠፋበታለች፤ ዘቦቹ ተሰብስበው ይገፋሉ። እኛ ደግሞ በቆርቆሮው ክፍተት ተራ በተራ እያየን አፋችንን አፍነን እንስቃለን። ሌላ መዝናኛ አልነበረንም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ዘብ በሩን ከፍቶ "መካኒክ አለ?" አለ። እጄን አወጣሁ። ሐጂ የሱሪዬን ጫፍ ያዙኝ።

"ልጄ፣ ስለ መድኃኒቴ ንገርልኝ።"

"እነግርልዎታለሁ" አልኩ። ምን ብዬ እንደምጠይቅ እያሰብኩ ወጣሁ። መኪናዋን እሠራለሁ፣ እሱ መርፌውን ያስገባል፤ ልቤ ሞልቶ ነበር።

እዚህ ላይ የሙያችንን ነገር መናገር አለብኝ። መካኒክ የመኪናዋን በሽታ ቢያውቀውም ወዲያው አይናገርም። ኮፈኑን ከፍቶ ዝም ይላል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ባለቤቱ ሲጨነቅ ዋጋ ይቆርጣል። በሽታውን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከለፈለፈ ሰውዬው አመስግኖ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። ይህን የተማርኩት ገና ተለማማጅ ሆኜ ቁልፍ ሳቀብል ነው፤ ስቼውም አላውቅም ነበር።

ኃላፊው መኪናዋን ተደግፎ ቆሟል። "ሲሞቃት ቀዩ የዘይት መብራት ይበራል" አለ። "ትራፊክ መብራት ይዞኝ ስቆም ደግሞ ትጠፋለች። ሦስት ሰው አይቷታል። አንዱ የዘይት ፓምፕ ነው አለ፣ ሁለቱ ሞተሩ ይውረድ አሉ።"

"ዘይት ትበላለች?"

"ይቺ? ከገዛኋት ጠብታ አልጨመርኩም። እንዲያውም ስለካው በዝቶ ነው የማገኘው።" በኩራት ነበር የተናገረው።

ዘይት በራሱ አይበዛም። የዘይት መለኪያዋን መዝዤ አሸተትኩ። በሁለት ጣቴ አሸሁት፤ እንደ ውሃ ቀጥኗል። ቤንዚን ቤንዚን ይላል። አራት ቀን የስንዴ ብናኝ ሲያፍነኝ ከርሞ የሞተር ሽታ ሲመጣልኝ እስረኛ መሆኔ ጠፋኝ። ሦስት መካኒክ ያላገኘውን አገኘሁት ብዬ አፌ አላስቀምጥ አለኝ።

"የቤንዚን ፓምፑ ነው!" አልኩ። "ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀዷል። ወደ ካርቦራቶር መሄድ ያለበት ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። ቤንዚን ሲያጥራት ትጠፋለች፣ ዘይቱ ሲቀጥን ግፊቱ ይወርድና መብራቱ ይበራል። ሁለቱም አንድ በሽታ ነው። ደግሞም..."

"በቃ" አለ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። "የቤንዚን ፓምፕ ነው። አንድ ይዘህ ና።"

ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። "አለቃ፣ ውስጥ አንድ የታመሙ ሽማግሌ አሉ፤ መድኃኒታቸው..."

"ስለ ሽማግሌ ማን ጠየቀህ?" አለኝ ለስለስ ባለ ድምፅ፤ ለዘቡ በአገጩ ምልክት ሰጠና አስመለሰኝ።

ሐጂ ፊቴን አይተው ገባቸው። የሆነውን ስነግራቸው በደረቀ ከንፈራቸው ሳቁ። "ዋጋ ሳትቆርጥ ዕቃውን አስረከብከው? አንተ ልጅ፣ በዚህ አያያዝህ እስከ ዛሬ እንዴት አልከሰርክም!"

ማፈሬን ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉት። "ሁሉንም አልነገርኩትም" አልኳቸው። "ፓምፑ ቢቀየርም ያ የቀጠነ ዘይት ወርዶ በአዲስ ካልተተካ ሞተሩን ይበላዋል። እሱን ልናገር ስል አቋረጠኝ።"

"እንግዲያው ተመልሶ ይመጣል" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ኃላፊው መጣ። በዚያ ሰዓት ሐጂ መቀመጥ አቅቷቸው ነበር፤ ትንፋሻቸው ፈጥኖ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ "መብራቱ አልጠፋም" አለኝ። "አሁን ደግሞ ሞተሩ መንኳኳት ጀምሯል። ምን ቀርቷል?"

ተነሥቼ ቆምኩ። "ሐጂን ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ሲመለሱ እነግርዎታለሁ።"

አልተቆጣም። "እጅህን አምጣ" አለ። ቀኝ እጄን ይዞ በብረት በሩ ማጠፊያ በኩል አስገባና በሩን ራሱ፣ ቀስ አድርጎ ገፋው። ሁለት ጣቶቼ ሲሰበሩ ድምፁን ሰማሁት።

"ምን ቀርቷል?"

ዝም አልኩ። ሐጂ ከወለሉ ላይ "ልጄ፣ ንገረው" አሉ። ድምፃቸው በግድ ነው የሚወጣው። "የመኪና ነገር ነው። በእኔ ነፍስ አትነግድ።"

ሰምቻቸዋለሁ። ለእሳቸው ስል ነው ዝም ያልኩት ብዬ ብናገር ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ እንደዚያ ነበር። በሩ ጣቴን ከሰበረው በኋላ ግን የያዘኝ ንዴት ነው። ያ ሞተር ደርቆ ሲቀርበት፣ ያ የሚያብረቀርቅ ጫማው አስፋልት ለአስፋልት ሲያነክስ ታየኝ። በእልህ ነው አፌን የዘጋሁት።

ኃላፊው ሐጂን አየ፤ እኔን አየ። ፈገግ አለ። "እሺ። አሁኑኑ ይሄዳል" አለ።

ሁለት ዘቦች ሐጂን ደግፈው አወጧቸው። ክፍሉ በሙሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። አንዱ የካናቴራውን ጫፍ ቀዶ ጣቶቼን አሰረልኝ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፤ ሕመሙ እንኳ ቀለል ብሎኝ ነበር።

በክፍተቱ ሲመለከት የነበረው ልጅ "በእሱ መኪና ነው እንዴ የሚወስዷቸው?" አለ። ገፍቼው አየሁ። ለመጋዘኑ የተመደበው ፒካፕ ከጠዋት ጀምሮ ወጥቷል፤ ይህን አላሰብኩም። ሐጂን ነጭዋ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አጋድመዋቸዋል። ኃላፊው ሞተሩን አስነሣ። ቆርቆሮ በመዶሻ እንደሚመታ ያለ ድምፅ ከሆዷ ይወጣል፤ እንዲያ የምትጮህ መኪና ሁለት ኪሎ ሜትር አትሄድም።

በሩን በደህናው እጄ ደበደብኩ። "ዘይቱን ቀይሩት! ዘይቱ ይውረድ! አትንዷት!" እያልኩ ጮህኩ። የቀረኝን ሁሉ ያለ አንዳች ዋጋ፣ በነፃ አስረከብኩ። ውጭ ያለው ዘብ "ዝም በል!" አለኝ። አንድ ሰው ግን ሰምቶኛል። በክፍተቱ ሳይ ኃላፊው በመኪናዋ መስኮት ወደ እኛ ዞሮ እጁን አወዛወዘና ከግቢው ወጣ።

የሆነውን በማግሥቱ የነገረኝ አንድ ዘብ ነው። ወደ ብስራተ ገብርኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተሩ ደርቆ ቀጥ ብሏል። ኃላፊው ጎታች መኪና ፍለጋ ሄደ። በዚያ ሁሉ ታክሲ መሀል ሐጂ ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት የኋላ ወንበር ላይ ተኝተው ቆዩ፤ እስረኛ ናቸውና ሌላ መኪና ላይ የሚጭናቸው አልተገኘም። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አልቆላቸው ነበር። ዘቡ ይህን ሲነግረኝ ልጃቸው ፔርሙዟን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ገና ማንም አልነገራትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በማሽን የተጻፈ ወረቀት አለ። ታሳሪው ሕመም እንዳለበት ለማንም ሳይናገር በድንገት አረፈ ይላል። ከሥሩ አራት የክፍላችን ሰዎች ፈርመዋል፤ አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ቤት ልጅ አለ።

"ፈርም፤ ነገ ትወጣለህ" አለኝ።

"ሐጂ ተናግረዋል። እኔም ነግሬዎታለሁ። አልፈርምም።"

"እንግዲያው መኪናዬን ሆን ብለህ አበላሽተህ ሰውዬውን እንደገደልክ እጽፋለሁ።"

ሁለት ቀን ሙሉ ለራሴ ስለው የቆየሁት ይህንኑ ነበር። ከእሱ አፍ ስሰማው አልደነገጥኩም።

"እሱን ይጻፉና እፈርማለሁ" አልኩት። "ሐኪም ቤት እየወሰዷቸው እንደነበር ይጻፉ። ምን እንደቀረ ጠይቀውኝ እምቢ ማለቴንም ይጻፉ፤ ጣቴ እንዴት እንደተሰበረም ይግባበት። የኔን ድርሻ በግራ እጄ እፈርማለሁ።"

ብዕሩን አነሣ። ያልኩትን ከጻፈ ሰውዬው መታመማቸውን ያውቅ እንደነበር በገዛ እጁ ማመኑ ነው። ብዕሩን ከደነውና "አስወጣው" አለ ለዘቡ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ታሰርኩ። ያንን ጉዳይ ዳግመኛ አላነሣብኝም።

አሁን ጋራዤ ተመልሻለሁ። ሁለቱ ጣቶቼ ስለማይታጠፉ ጠባብ ቦታ ያለ ብሎን ሌላ ሰው ይፈታልኛል። የሐጂን ሱቅ ልጃቸው ይዛዋለች። በተፈታሁ በሳምንቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ኃላፊው ብቻ ሳይሆን በእልህ ዝም ስላልኩትም፣ አባቷ ንገረው ብለውኝ ስላልሰማኋቸውም። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ባንኮኒውን ተደግፋ እስክጨርስ ሰማችኝ። አላለቀሰችም።

"መኪናው ውስጥ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "አባቴ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነበር?"

ዘቡ ይህን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። አላውቅም።

"ነበረ" አልኳት። "እጃቸውን ይዞ ነበር።"