በገዛ ክብደቱ የሄደው ተራራ

ሐርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንዲት የግል ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ትልልቅ እሳተ ገሞራዎች በገዛ ክብደታቸው እየሰፉ እንደሚንሸራተቱ ብነግራቸው ተማሪዎቼ አላመኑኝም። "ማንም ሳይገፋው?" አለችኝ አንዷ።

ሐሙስ ከሰዓት ሰፊ ትሪ ላይ የረጋ ማር ዘርግተን፣ በላዩ ደረቅ አሸዋ እንደ ተራራ ከመርን። ማሩ ከተራራ ሥር ያለው ለስላሳ አፈር መሆኑ ነው። በግርጌው ዙሪያ ስፒሎች ሰክተን፣ ከትሪው ጠርዝ ያላቸውን ርቀት በማስመሪያ ለካን። ዓርብ ትምህርት ስለሌለ ክፍሉ እስከ ቅዳሜ ተቆለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆመዋል። ጅግጅጋ ያደጉ አሮጊት ናቸው፤ ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነው።

"ማን ገብቶ ነበር፣ እማማ?"

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ልጄ። ወላሂ ማንም አልገባም። ግን አሁን ስከፍት ድምፅ ሰማሁ።"

"የምን ድምፅ?"

"ቀስ ብሎ የሚፈስ ነገር።"

ገባሁ። የአሸዋው ተራራ ጫፍ ዝቅ ብሏል። ከአናቱ ወደ ታች ስንጥቅ ወርዶ፣ አንዱ ጎን እንደ ደረጃ ተቆራርጧል። ስፒሎቹ አልወደቁም። እንደቆሙ ወደ ውጭ ሄደዋል፣ በተሰነጠቀው በኩል ያሉት ደግሞ ከሌሎቹ ቀድመው።

ተማሪዎቹ ሲገቡ ትሪውን ከበቡ። እውነተኛው ተራራም እንዲሁ ነው አልኳቸው፤ በዓመት የጥፍር ስፋት ያህል እየሄደ ሺህ ዘመን ይቆያል፣ አንዳንዱ ግን አንድ ቀን ጎኑ ባንዴ ይናዳል። ይህን እያልኩ አንዱ ስፒል ቀስ ብሎ አዘነበለ። ሁላችንም አየነው። አሮጊቷ ከበሩ ላይ "አዑዙ ቢላህ" እያሉ በአላህ ሲማጸኑ ሰማሁ።

"ናሳ ሃብሎድስ?" አሉኝ አሮጊቷ፣ ከከተማዋ ወጣ ብለው የሚታዩትን መንትያ ኮረብታዎች ማለታቸው ነው።

"እነሱ ጠንካራ ድንጋይ ናቸው፣ እሳተ ገሞራ አይደሉም። አይሄዱም።"

"ማን ለካቸው?"

እኔም ለክቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የተማሪዎቹን ስም እየጠራሁ ሳለ የአሸዋው ተራራ ጎን ተናደ። ድምፁ ትራስ ላይ እጅ እንደማሳረፍ ነበር። አሸዋው ከትሪው አልፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ምክንያቱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ቢሆንም የቀሩትን ስሞች ሳልጠራ በመስኮቱ መንትያዎቹን ኮረብታዎች ፈለግሁ።