የአቶ ይሄይስ ሰረዝ

በቀብሩ ዕለት ወንድሜ ላቀው ከስልኩ ባነበበው የአባታችን የሕይወት ታሪክ ውስጥ ሰባት ስሕተት ቆጥሬአለሁ። የልደት ዘመናቸውን ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል። ማንኩሳ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ የለኩትን ሰው «ለአርባ ዓመታት ያህል» ብሏል። ስድስቱን በትዕግሥት ማለፍ ይቻል ነበር። ሰባተኛው ግን «በሌሎች ከዋክብት ላይ ሕይወት እንዳለ ያረጋገጡ የጠፈር ተመራማሪ ነበሩ» የሚል ነው። ይህን ሲሰሙ መሪጌታ ገብረሰንበት ቀና ብለው ላቀውን አዩት፤ ለቀስተኛውም እርስ በርሱ ተያየ። ላቀው ቡሬ ስልክ የሚጠግን ሰው ነው፤ የሚጽፈውን ከየት እንደሚያመጣው አላውቅም። እኔ ፍኖተ ሰላም መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ዩኒቨርሲቲም የተማርሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለአርባቸው የሚነበበውን እኔ እጽፋለሁ አልሁ።

አባቴ አቶ ይሄይስ የጠፈር ተመራማሪ አልነበሩም። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ፣ በቆሎና ጤፍ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የመጣ ባለሙያ ጓሯችን ጥግ ላይ የዝናብ መለኪያ ተከለና ጠባቂው እሳቸው ሆኑ። ሥራው ቀላል ነው። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በመለኪያው የተጠራቀመውን ውኃ ባለ መስመር ብርጭቆ ውስጥ መገልበጥ፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ማንበብ፣ መዝገብ ላይ መጻፍ። ባለሙያው አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አሳሰባቸው። ሄደው አይተው ደረቅ ከሆነ ዜሮ ይጻፉ፤ ካላዩ ሰረዝ ያድርጉ። ዜሮ ማለት አየሁ፣ የለም ማለት ነው። ሰረዝ ማለት አላየሁም ማለት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ውስጥ የአባቴ ሰረዞች አሥራ አራት ናቸው፤ የእያንዳንዱም ምክንያት «ምርመራ» በሚለው የመጨረሻ ዓምድ ሥር ተጽፏል። እናቴ የተቀበረችበት ዕለት ሰረዝ የለበትም። 4.2 ነው።

ያ ባለሙያ የዚያን ዕለት እኛ ዘንድ አደረ። ከራት በኋላ ደጅ ቆመው፣ ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፈው ነጭ መንገድ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው የራሳችን ጋላክሲ እንደሆነ፣ ፀሐያችንም በውስጡ ካሉት ከመቶ ቢሊዮን የሚበልጡ ከዋክብት አንዷ እንደሆነች ነገራቸው። አባቴ እዚያ የሚኖር ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። የለም አላቸው። «ታይቶ ነው?» አሉ። ባለሙያው ሳቀና ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ያልተመለሰችውን ጥያቄ መመለስ ነበረበት።

እውነቱን ለመጻፍ፣ አሰልቺ ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቀዋል፤ ማዳበሪያ ሊያከፋፍል የመጣውን ጠይቀዋል፤ በሬያችንን ሊያክም የመጣውን የእንስሳት ሐኪም በሬው መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ጠይቀዋል። ላቀው በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ከአምስት ሺህ በላይ ፕላኔቶች መገኘታቸውን ከስልኩ ሲያነብላቸው፣ ስንቱ ላይ መለኪያ እንደተተከለ ጠየቁት። ሳተርንን በምትዞር አንዲት ጨረቃ ላይ ውኃ ያልሆነ ዝናብ፣ ፈሳሽ ጋዝ፣ እንደሚዘንብ ሲነግራቸው ደግሞ በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ላቀው ግማሽ ቀን ፈልጎ አጣ። ስልክህን ዝጋው አሉት። ገበያ ላይ «አያ ይሄይስ፣ ማርስ ላይ ዛሬ ዘነበ ወይ?» የሚላቸው አይጠፋም ነበር። «የዚያ ጠባቂ ሌላ ነው፤ እሱን ጠይቁት» ይሉና ያልፋሉ።

በሚያዝያ 2009 ጭራሽ መዝገቡ ላይ ጻፉት። ምርመራ ከሚለው ሥር፣ በዚያ ከመስመር በማይወጣ እጃቸው፣ «በሌላው ዓለም ሕይወት፦ —» ይላል። ሳየው ተቆጣሁ። ይህ የመንግሥት መዝገብ ነው፤ ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ሌላ አይጻፍበትም ብዬ ብዙ ተናገርሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ቦታው ባዶ ነበር» አሉ።

ለአርባቸው ሁለት ቀን ሲቀረው መሪጌታ ረቂቄን ሊያዩ ከቤታችን መጡ። ላቀውም ከቡሬ መጥቶ ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሀብትነሽ ደጃፉ ላይ ለተዝካሩ ምስር ይለቅማሉ። መሪጌታ አቋማቸውን ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳያስቀይሙ ተናገሩ። የፈጣሪን ሥራ ቆጥሮ የጨረሰ የለም፤ ነገር ግን ከቀብሩ ወዲህ ሰው ይሄይስ ከሃይማኖቱ ወጥቶ ነበር እያለ ነው፤ ስለዚህ በሌላ ዓለም ፍጡር የለም ብሎ ያምን እንደነበር ካልተጻፈ እሳቸው ወረቀቱን አያነቡም፤ በቤተ ክርስቲያኑም ግቢ አይነበብም። ላቀው በበኩሉ «‹ሕይወት አለ› ያልሁት መቅረት የለበትም» አለ። አባቴ ሊነበቡ ነው ወይስ ሊቀሩ ነው፣ ነገሩ በዚህ ቆመ።

መዝገቡን አምጥቼ ሰረዙን አሳየኋቸው። ላቀው «ሳይጨርሱ የተዉት ነው፤ ‹አለ› ሊሉ ነበር» አለ። መሪጌታ ሰረዝማ ባዶ ነው፣ ባዶም የለም ማለት ነው አሉ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳናደደኝ አሁንም አላውቅም። ድምፄን ከፍ አድርጌ የዜሮንና የሰረዝን ልዩነት አስረዳሁ። ከዚያም መዝገቡን ላቀው ጭን ላይ ጥዬ፣ «በዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ ሳይታይ የተጻፈ አንድ ዜሮ ካገኛችሁ አሳዩኝ» አልሁ።

ላቀው የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና ማንበብ ጀመረ። ጥር ዘጠኝ ዜሮ፣ ጥር አሥር ዜሮ፣ እያለ ወረደ። ጥር አሥራ ስድስት ሲደርስ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከምስራቸው ቀና አሉ።

«አሥራ ስድስት? አውድማ ላይ ጤፌን ያበሰበሰብኝ ምን ነበረና?»

እነዚያን ዜሮዎች የጻፍሁት እኔ ነኝ። አባቴ የታመሙት ጥር ዘጠኝ ነው። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ማንኩሳ የደረስሁት በአሥራ አራት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዐረፉ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ከታመሙበት እስከ ዐረፉበት ያለውን አሥራ አንድ ቀን ባዶ አየሁት፤ በጥር ምን ይዘንባል ብዬ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ሞላሁት። ይህ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። በአሥራ ስድስት ጠዋት ከአልጋቸው ሥር እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ቀሰቀሱኝና «ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«ዜሮ ነው፣ አባዬ።»

«አይተሽ ነው?»

«አዎ፣ አየሁ» አልሁ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብ አልጠየቁኝም። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኙትም እሳቸው ነበሩ።

ይህን ሦስቱ በተቀመጡበት ነገርኋቸው። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ፣ ደንቡ እንደሚለው ከሥር ያለው እንዲነበብ በእያንዳንዱ ዜሮ ላይ አንድ መስመር ብቻ አሰመርሁ፤ ከላዩም ሰረዝ አድርጌ ፈረምሁ። አሥራ አንድ ጊዜ። ምርመራው ላይ «ልጃቸው ሳታይ የጻፈችው ነው። ጥር 16 ዘንቧል፤ አልተለካም» ብዬ ጻፍሁ። ከመዝገቡ ተገልብጦ ወደ ባሕር ዳር ለተላከው የወሩ ቅጽም የእርማት ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ላቀው ስልኩን አውጥቶ «ያረጋገጡ» የሚለውን ሲያጠፋ አየሁት። መሪጌታ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ይህ ሰረዝ ምን ተብሎ ይነበባል?» አሉ።

«አልታየም ተብሎ።»

በአርባቸው ዕለት መሪጌታ ወረቀቱን ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው አነበቡት። የልደት ዘመናቸውን በትክክል አነበቡ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አሉ። «በሌላው ዓለም ሕይወት፣ አልታየም» አሉ። ቀጠሉና «የማንኩሳ ዝናብ፣ ከጥር ዘጠኝ እስከ ጥር አሥራ ዘጠኝ፣ አልታየም» አሉ።

ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ «አሥራ ስድስትን እኔ አይቻለሁ» አሉ።

መሪጌታ ሰምተዋቸው ንባቡን ቀጠሉ። ቤት ስገባ ወይዘሮ ሀብትነሽን የጥር 16ን ዝናብ ያዩ ብዬ በስማቸው ምርመራው ላይ ጻፍኋቸው።