የሁዳዴ እንቁላል

መካነ ሰላም በገባን በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ልጄ ማልቀስ ተወች። ዓመት ሞልቷታል፤ አልዳኸችም፣ ይዛም አትቆምም። ራባት አልራባት የምናውቀው ነገር የለም። ዝም ብላ ታየኛለች። ሌላ ሰው ልጄ እያለቀሰ አላስተኛ አለኝ ብሎ ሲማረር ስሰማ በቅናት እንገበገብ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለሙያዋ ክንዷን በባለቀለም መለኪያ ለካች፤ ምግብ ያነሰውን ልጅ የሚለየው ቢጫው ላይ ሲያርፍ የባለሙያዋ ፊት ተለወጠ። መድኃኒት ትሰጠኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "በየቀኑ አንድ እንቁላል ቀቅለሽ ከገንፎዋ ጋር አድቅቀሽ አብያት" አለችኝ። በገንኩ። ከጠዋት ጀምሮ የተሰለፍኩት ለእንቁላል ነው እንዴ? እኛ ቤት እንቁላል ለመብል አይታሰብም ነበር። ዶሮዎቹ ይጥላሉ፣ አማቴ በገበያ ቀን በጭድ ደልድለው ይወስዱታል፣ ማታ ጨውና ላምባ ሆኖ ይመለሳል።

እሱስ ይቅር፣ ሁዳዴ ገብቷል። አማቴ ድስቱን፣ ማማሰያውን፣ ማንኪያውን ሁሉ በአመድ ፈትገው ለጾም አዘጋጅተዋል። የፍስክ ነገር ከነካው አለቀ።

"እማማ፣ ሕፃን እኮ ጾም የለባትም" አልኳቸው።

"እሷ የለባትም። ድስቱ ግን ጾመኛ ነው" አሉኝ።

ክፉ ሴት አልነበሩም። ልጅቷን ታቅፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲያነቡ አይቻቸዋለሁ። ግን አገራቸው ወግዲ ነው፤ የወግዲ ሰው በጾም ነገር ቀልድ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ብደፍርና ልጄ አንድ ነገር ብትሆን የማንን ፊት አያለሁ?

አጥር የምትጋራን ሙስሊም ጎረቤቴ ጭንቀቴን ሰምታ መጣች።

"አብሽሪ! የኔ ድስት የናንተን ጾም አያውቀውም። ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ይዘሽልኝ ነይ" አለች።

ሥጋ ቢሆን ኖሮ የእስላምና የክርስቲያን ቢላዋ መሃላችን ይገባ ነበር። እንቁላል ግን አይታረድም። የማንም ስም ሳይጠራበት ከዶሮዋ ሥር ተነስቶ ከማንም አፍ ይገባል። ዕድሜዬን ሙሉ በእንቁላል መሃል ኖሬ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ስነግራቸው አማቴ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን ገና ሳይነጋጋ ቆጡ ሥር ጎንበስ ብለው አንድ እንቁላል አነሱና እጄ ላይ አኖሩልኝ።

"በሷ ድስት ይብሰል" ብለው ፊታቸውን መለስ አደረጉ።

እንቁላሉ ይሞቃል። እንደዚያ ቀን እንቁላል ይዤ አላውቅም። አጥንቱም፣ ላባውም፣ ምንቃሩም ያለው እዚህች ውስጥ ነው፤ እናቲቱ ከሙቀቷ በቀር የምትጨምርለት የለም። ጫጩት አቁሞ የሚያስሮጥ ነገር የልጄን እግር እንዴት ያቅተዋል? እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ነገር እጃችን ላይ አስቀምጦ፣ እኛ በላምባ እንለውጠዋለን። አፈርኩም፣ ተደነቅኩም።

ጎረቤቴ ቢስሚላህ እያለች በጣቷ ጫፍ ታጎርሳታለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሹ በአገጯ ይወርድ ነበር። ከዚያ መዋጥ ለመደች። ጾሙ ሲጋመስ ጉንጯ ሞላ ሞላ አለ። አንድ ጠዋት ደግሞ የጎረቤቴን ቀሚስ ጨምድዳ በጉልበቷ ተነሳች፣ ተንገዳግዳ በቂጧ ቁጭ አለች።

የሆሳዕና ዕለት አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኛ ጎረቤቴ ቤት ነበርን። ልጄ የቀረበላትን ጨረሰች። ጎረቤቴ ባዶውን ሳህን ልታነሳ እጇን ስትሰድ፣ ልጄ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏን ከፈተችና ጮኸች። ሰፈር የሚያናውጥ የቁጣ ለቅሶ ነበር። አማቴ ዘንባባቸውን እንደያዙ በሩን በርግደው ገቡ። እኔ ደንግጬ ላባብላት ብድግ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ተያት፤ አታባብያት" አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። "እስኪበቃት ታልቅስ።"