ውሃ የቋጠረችው ጀልባ

ሐምሌ ሦስት ቀን ነበር። ወይስ አራት? ሦስት ብዬ ልጀምር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ማባራቱን ግን አልጠራጠርም፤ አክስቴ በሬን እየደበደበች «ተነሣ! ጀልባዬን ዛሬ ድስት ሊያደርጓት ነው!» ያለችኝ ያን ዕለት ነውና።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ በእሱ አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ሰውና ሽንኩርት ከሐይቁ ማዶ ለማዶ እያመላለሰች ትኖር ነበር። ጀልባዋ አንድ አመል ነበረባት። ዝናቡና ማዕበሉ የረጨው ከወለሉ ሣንቃ ሥር ይገባል፤ ከኋላዋ ያለውን የማፍሰሻ ቡሽ ሲነቅሉት ግን የሚወጣው እንደ ሕፃን ሽንት ነው። የቀረው ሆዷ ውስጥ ይተኛል። እየከበደች ሄዳ በዚያው ሰሞን መሐል ሐይቅ ላይ ተሳፋሪ እንደያዘች ከመስመጥ ለጥቂት ተረፈች። ልጆቿ ደነገጡና ብረታ ብረት ገዢ ጠሩ። አክስቴ አንድ ነገር ብቻ አስማለቻቸው፤ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ውሃው ከወጣላት ጀልባዋን አይነኩም።

ዳርቻው ላይ ስንደርስ፣ ሰፈሩ ብልጭታ የሚለው በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጠብቀናል።

«እትዬ፣ ቀዳዳውን ያሳዩኝና ልበይደው።»

«ዘንድሮ ስንቴ በየድክ? ከየት እንደሚገባ አልጠየቅኩህም፤ ለምን አይወጣም ነው የምልህ!»

«እሱማ ውሃው ራሱ እልኸኛ ሆኖ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ወሬህ ውሃ አይቋጥርም፤ የበየድከው ሁሉ ግን ይቋጥራል!»

እየሳቅን ሣንቃውን አነሣን። ሥሩ ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደሙ የአሉሚኒየም ጎድኖች አሉ፤ በየሁለቱ መካከል ውሃው የየራሱን ኩሬ ሠርቶ ተቀምጧል። አክስቴ እጅጌዋን ሰበሰበችና እጇን በቀጥታ ወደ አንደኛው ጎድን ግርጌ ሰደደች።

«እዚህ ጋ። ካቻቢቴ አምጡ።»

ብልጭታ ቆረቆረው። ጠጥሮ የከረመ ሬንጅ ተፈንቅሎ ወጣ፤ ከኋላው ክብ ቀዳዳ ብቅ አለ። ኩሬው ወደ ቀጣዩ ጎድን ተንደቀደቀ።

«ኧረ ሠሪዎቹ የተዉት መተላለፊያ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ምን ዓይነት ጅል ነው የደፈነው?»

አክስቴ ወደ ቀጣዩ ጎድን ዞረች። እኔ ግን ገባኝ። ባሏ ቀዳዳ አይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ የሸሚዙን የቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ይሰፋል እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሠራ መለየት ያቅተኛል። አንዱ ሬንጅ ይፈነቅላል፣ አንዱ የቀዳዳውን አፍ በመሰርሰሪያ ያሰፋል፣ አንዱ ጭረቱን በሞረድ ያለሰልሳል። ደግሞ የሐይቁ ቄጠማ እንዳይደፍነው አክስቴ የናይለን ገመድ ቋጠሮ ቋጠሮ አድርጋ እንደ ሱሪ ገመድ በቀዳዳዎቹ ሁሉ አሳለፈችው፤ ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱት ያጸዳል።

«ቋጠሮን በቋጠሮ!» አለ ብልጭታ።

የገዢው መኪና ጡሩምባ ተሰማ። የጀልባዋን አፍንጫ በግንድ ከፍ አድርገን ባልዲ ባልዲ ውሃ ደፋንባት። ከኋላዋ፣ ማፍሰሻው ፊት ተንበርክኬ አፈጠጥኩ። ምንም። ገዢው መጋዙን ይዞ ወረደ። አክስቴ ገመዱን ባለ በሌለ ኃይሏ ጎተተችው። ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ጉርርር የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ጥቁር ጭቃ ፊቴ ላይ ተተፋ፤ ከዚያ ውሃ፣ እንደ ፈረሰ ግድብ!

«ወጣ! ወጣ!» ብልጭታ ገዢውን አቅፎ አሽከረከረው።

«እኔ መጋዝ ይዤ መጣሁ እንጂ ልጨፍር መጣሁ?» አለ ሰውየው፤ ግን እሱም ይስቅ ነበር።

ግርግሩ መሐል አክስቴ ከተፈነቀለው ሬንጅ አንዱን ቁራጭ ስታነሣ አየሁ። የአውራ ጣት አሻራ ታትሞበታል፤ ጫፉ ግማሽ ነው። የባሏን የአውራ ጣት ጫፍ መጋዝ በልቶት ነበር። በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገችውና መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

እጇን እንደዚያ ሳትፈልግ፣ ሳትዳብስ የሰደደችው ባሏ እንደደፈነው ቀድሞውንም ታውቅ ኖሮ ነው? ፊቴን ታጥቤ ልጠይቃት ዞር ስል ተሳፋሪዎች ገብተዋል፣ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ጀልባዋ እንደ ላባ ቀልላ ወደ ማዶ ትበር ነበር።